ባቡሩ የተነሳበት መንገድ

ቦስተን በገባሁ በማግስቱ የተሳሳተ ትራም ላይ ወጣሁ። አረንጓዴው መስመር ቢ፣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ ተብሎ አራት ቦታ ይከፈላል። ሁሉም ግን አረንጓዴ ናቸው። ኢን መያዝ ሲገባኝ ዲ ውስጥ ገባሁ። ኬንሞር ጣቢያ ላይ ቀይ ካልሲ የታተመበት ኮፍያ ያደረገ የቤዝቦል ደጋፊ ግልብጥ ብሎ ሲወርድ ነው የባነንኩት።

ትራሙ የሚያልፍበት ዋሻ ራሱ ግን መሳሳት ቢያስከፍልም የሚያስቆጭ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ የመጀመሪያው የምድር ውስጥ ባቡር መስመር እሱ ነው። የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1897፣ ከአድዋ ድል አንድ ዓመት ተኩል በኋላ ነው። ያኔ ትሬሞንት ጎዳና ላይ ትራሞቹ ከመደርደራቸው የተነሳ በጣሪያቸው ላይ ተራምዶ መሻገር ይቻላል ይባል ነበር። ስለዚህ መሬት ውስጥ ከተቷቸው። ሲቆፍሩ የድሮ መቃብር ዳር ነክተው ከ900 በላይ ሰዎች አጽም አወጡ። ቦይልስተን ጣቢያ ላይ ሐዲዱ በጠባቡ ስለሚታጠፍ ብረት ከብረት ሲፋጭ ጆሮ ይበጥሳል። እኔ ጆሮዬን ያዝኩ። አጠገቤ ያለችው ልጅ ከስልኳ ቀና እንኳን አላለችም።

ከሰዓት በኋላ ሳውዝ ስቴሽን ጋ ጋሼን አገኘኋቸው። የአባቴ ጓደኛ ናቸው፤ ያረፍኩትም እሳቸው ቤት ነው። ለብዙ ዓመት ታክሲ ነድተዋል። ፊት ለፊታችን ያለው ረጅም መናፈሻ አብዛኛው ክፍል ላይ ድሮ በምሰሶ የቆመ የመኪና መንገድ እንደነበር ነገሩኝ። ከ14 ቢሊዮን ዶላር በላይ ወጥቶበት መሬት ውስጥ ገብቷል። ለመኪና ሲሆን ገንዘብ አይጠፋም መሰለኝ።

ከዚያ በሲልቨር ላይን ወደ ቤት አመራን። ስሙ ባቡር ይመስላል፤ ካርታው ላይም ከባቡሮቹ ጋር ተስሏል። አውቶቡስ ነው።

ዋሽንግተን ጎዳና ስንገባ ጋሼ በመስኮቱ ወደ ላይ አሳዩኝ። ከሰማይ በቀር ምንም አይታይም። ከ1901 ጀምሮ ግን ባቡሩ የሚያልፈው እዚያ ላይ ነበር፤ ከመንገዱ በላይ፣ በብረት ምሰሶ።

«ቤታችን ሁለተኛ ፎቅ ነበር» አሉኝ። «ባቡሩ ሲመጣ ስኒዎቹ ረከቦቱ ላይ ይንጫጫሉ። ባለቤቴ ጀበናዋን በእጇ ደግፋ ትይዛለች፣ እስኪያልፍ።»

«ሲነሳ ደስ አላችሁ?»

«እንዴታ! ፀሐይ ገባልን። እሷ ግን ሥራ የምትሄድበት አጣች።»

ይህ በ1987 ነው። ያ ባቡር፣ ብርቱካናማው መስመር፣ ወደ ምዕራብ ተወሰደ። እዚያ መጀመሪያ የታቀደው አውራ ጎዳና ነበር፤ ብዙ ቤትም ፈርሶለታል። ነዋሪው አሻፈረኝ ብሎ ሲታገል፣ አገረ ገዢው ፍራንሲስ ሳርጀንት በ1972 እቅዱን ሰረዙት። ባቡሩና ሌላ መናፈሻ የገቡት በዚያ ባዶ መሬት ላይ ነው። ያ ሰፈር ዳነ። ዋሽንግተን ጎዳና ግን ይህን አውቶቡስ ለማግኘት እስከ 2002 ጠበቀ።

አውቶቡሱ የራሱ መስመር ተቀብቶለታል። መስመሩ ላይ ዕቃ የሚያራግፍ መኪና ቆሟል። እየዞርነው አለፍን።

«እዚህ ጋ ደረጃ ነበር፣ ወደ ላይ የሚወጣ» ይላሉ ጋሼ። ትንሽ ሄደን ደግሞ «እዚህም»።

የመጨረሻው ፌርማታ ስንደርስ ድምጽ ማጉያው «ኑቢያን» አለ። አደባባዩ ስሙ ከተቀየረ ቆይቷል።

«ደድሊ ደረስን» አሉኝ ጋሼ፣ ከዘራቸውን እያነሱ።