የመኪናው ገዢ ተካሰ፤ ጭሱን የተነፈሰውስ?

በናፍጣ መኪኖች የጭስ ማጭበርበር ክርክር የአምራቾቹ ጥፋት በፍርድ ቤት ከተረጋገጠ ቆይቷል። አሁንም ያልተፈታው፣ ያ ጥፋት የአንድን የታወቀ ሰው ሳንባ መጉዳቱን ማስረዳት ነው። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ2015 ይፋ በወጣው የቮልስዋገን ጉዳይ፣ ሞተሩን የሚቆጣጠረው ሶፍትዌር የመሪውን አቋም፣ ፍጥነቱንና የአየር ግፊቱን እያነበበ መኪናው ምርመራ ላይ መሆኑን ይለይ ነበር። በምርመራ ጊዜ የጭስ መቀነሻውን ሙሉ በሙሉ ያሠራል፤ መንገድ ላይ ያዳክመዋል። ውጤቱ ከተፈቀደው እስከ 40 እጥፍ የሚደርስ ናይትሮጅን ኦክሳይድ የተባለ ጎጂ ጋዝ ነው። ረቀቅ ያለው ስልት ደግሞ የውጪው ሙቀት ከ15 ዲግሪ ሲወርድ ወይም ከ33 ሲያልፍ፣ ጭስን መልሶ ወደ ሞተሩ የሚያስገባውን ቫልቭ ሥራ መቀነስ ነው። "ሞተሩን ከጉዳት ለመጠበቅ ነው" የሚል መከላከያ ቀረበ። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ግን በ2022፣ የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ቫልቩን የሚያዳክም ስልት በዚህ ሰበብ አይፈቀድም ብሎ ወሰነ።

ካሳው ታዲያ ለማን ደረሰ? በ2023 የጀርመን ከፍተኛው ፍርድ ቤት ለገዢዎች ከመኪናው ዋጋ ከ5 እስከ 15 በመቶ ፈቀደ። በአሜሪካ በ2016 እስከ 14.7 ቢሊዮን ዶላር የሚደርስ ስምምነት ተፈረመ፤ አብዛኛው መኪና መልሶ መግዣ ነበር፣ 2.7 ቢሊዮኑ ብክለት ለመቀነስ የተመደበ። በመንገድ ዳር የሚኖረው አስም ታማሚ በዚህ ስሌት ውስጥ የለም።

ይህ የሆነው ጭሱንና ሕመሙን በምክንያትና ውጤት ማስተሳሰር ስለሚያስቸግር ነው። በ2017 የወጣ ጥናት በጀርመን የተሸጡት እነዚያ የቮልስዋገን መኪኖች በአውሮፓ ወደ 1,200 ያለዕድሜ ሞት እንደሚያስከትሉ ገምቷል። ዳኛ ግን "ከእነዚህ አንዱ ከሳሹ ነው?" ብሎ ይጠይቃል፣ ለዚህ ጥናቱ መልስ የለውም። ናይትሮጅን ኦክሳይድ አየር ላይ ወደ ደቃቅ ብናኝና ኦዞን ተቀይሮ ድንበር ይሻገራል፤ በዚያው መንገድ ላይ ደግሞ የሌሎች አምራቾች መኪኖችም ያልፋሉ።

ብዙ አቤቱታ የሚሰናከለው ሙሉውን ጭስ በተከሳሹ ላይ ሲጭን ነው። ተከሳሹ የሚጠየቀው በትርፉ፣ ማለትም ከተፈቀደው ወሰን በላይ በተለቀቀው ጭስ ብቻ ነው። ዩሮ 6 በተባለው የአውሮፓ የጭስ ደረጃ የናፍጣ መኪና የናይትሮጅን ኦክሳይድ ወሰን በኪሎ ሜትር 80 ሚሊግራም ነው። አንድ መኪና መንገድ ላይ 480 ከለቀቀ ትርፉ 400 ነው፤ በዓመት 15,000 ኪሎ ሜትር ከሄደ 6 ኪሎ ግራም ይሆናል። የኪሎ ሜትሩን ትርፍ በመንገዱ ርዝመትና በዚያ በሚያልፉት የዚያ ሞዴል መኪኖች ቁጥር አባዝቶ፣ ጭስ በአየር እንዴት እንደሚሰራጭ በሚያሰላ ሞዴል ወደ ከሳሹ ደጅ ማድረስ ያስፈልጋል። ለዚህም የመንገድ ላይ ልኬት እንጂ የላቦራቶሪ ሰርተፊኬት አይጠቅምም፤ የተጭበረበረው እሱ ነውና።

የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1980፣ እናቶች በእርግዝና የወሰዱት መድኃኒት ልጆቻቸውን በጎዳበት ጉዳይ፣ መድኃኒቱን የሠራው የትኛው አምራች እንደሆነ ካልታወቀ አምራቾቹ ካሳውን በገበያ ድርሻቸው ይካፈሉ ብሏል። ይህን ወደ ጭስ ማሻገር የሚያጓጓ ቢሆንም ድክመት አለው፦ መድኃኒቱ ከየትም ቢመጣ አንድ ዓይነት ነበር፣ የመኪኖቹ ትርፍ ጭስ ግን በየሞዴሉ ይለያያል። ስለዚህ ድርሻው በሽያጭ ሳይሆን በተለካ ትርፍ ቢሰላ ይሻላል ባይ ነኝ።

በለንደን በ2020 የሞት ምክንያት መርማሪ፣ የአየር ብክለት ለአንዲት የ9 ዓመት ልጅ ሞት አስተዋጽኦ እንዳደረገ ወስኗል። መንገድ የከፈተው ተደጋጋሚ የሆስፒታል መዝገብ በአቅራቢያው ካለ መለኪያ ጣቢያ ንባብ ጋር መቅረቡ ነው። እንዲህ ያለው ምርመራ የፍትሐ ብሔር ተጠያቂነትን አይወስንም፤ ማስረጃ እንዴት እንደሚሰደር ግን ያሳያል፦ የመኖሪያ አድራሻ ከነዘመኑ፣ ሕመሙ የተነሣባቸው ቀናት፣ የዚያኑ ዕለት የአየር ንባብ።

መንግሥትን መክሰስም አማራጭ ነው። የኅብረቱ ፍርድ ቤት በ2022 የቀድሞው የአየር ጥራት መመሪያ ለግለሰብ የካሳ መብት አይሰጥም ቢልም፣ የ2024ቱ አዲስ መመሪያ ባለሥልጣናት ሆን ብለው ወይም በቸልተኝነት ሕጉን ጥሰው ጤና ሲጎዳ ካሳ እንዲኖር ያዛል፤ አባል አገራት እስከ ታኅሣሥ 2026 በሕጋቸው ማካተት አለባቸው። ወደ አምራቹ የሚሄድ ሰው ግን ይርጋውን፣ ማለትም ክስ ማቅረቢያ የጊዜ ገደቡን፣ ቀድሞ ያስላ፦ ሕመሙ በሐኪም ከታወቀበት ቀን ነው ወይስ ማጭበርበሩ ከታወቀበት የሚቆጠረው? በየአገሩ ይለያያል፣ ብዙ ፋይል የሚዘጋውም በዚሁ ነው።