የቤዟ መልክ

ሰሞኑን ማታ ማታ፣ ሙቀቱ በረድ ሲል፣ አንድ ሥራ ይዣለሁ። የፖል ማካርትኒን ቤዝ ጊታር ፎቶዎች ከድሮ ወደ ቅርብ እደረድራለሁ። የቢትልሱን ፖል ማለቴ ነው። ያቺን የቫዮሊን ቅርጽ ያላትን ቡናማ ቤዝ ብዙ ሰው ያውቃታል። አንድ ብቻ ነው የምትመስለው። ግን ሁለት ናቸው፤ የሁለቱም መልክ በየጊዜው ይቀያየራል። (የፖልን ነገር ሳነሳ የምጽፋቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የመጣው ከራሴ ቤዝ ነው። እዚህ ድሬዳዋ ሰርግ ላይ ቤዝ እጫወታለሁ። ቤዟ ወደ እኔ ከመምጣቷ በፊት የአንድ ጋሼ ነበረች። በደርግ ጊዜ በቀበሌ ኪነት ተጫውተውባታል። ቀለሟ ተልጧል። ጠርዟ ተጎርዷል። አንዱ የድምፅ ማዞሪያዋ ከሬዲዮ የተወሰደ ነው። ባጃጅ ቀለም የሚቀባ ጎረቤት አለኝ። ባየኝ ቁጥር «አቦ አምጣት፣ አዲስ አደርግልሃለሁ» ይለኛል። ከልቡ ነው፣ እጁም ጥሩ ነው። እኔ ደግሞ ከመወሰኔ በፊት ትልልቆቹ ተጫዋቾች ቤዛቸውን ምን እንዳደረጉት ማየት ፈለግኩ። በዚያው ሰጠምኩ።

የመጀመሪያዋን ፖል የገዛት በ1961 ሃምቡርግ ውስጥ ነው። ቤዝ ይጫወት የነበረው ስቱዋርት ሰትክሊፍ ቡድኑን ሊለቅ ሲል ቦታው ለፖል ደረሰ። ያኔ የአሜሪካኖቹ ፌንደር ቤዝ 100 ፓውንድ ገደማ ነበር፤ የፖል ኪስ አልቻለውም። በ30 ፓውንድ ገደማ የጀርመኖቹን ሆፍነር ገዛ። ሞዴሏ 500/1 ይባላል። ዋጋው ብቻ አይደለም የሳበው። ፖል ግራኝ ነው። የዚህች ቤዝ አካል ግራና ቀኙ እኩል ስለሆነ በግራ ሲያዝም አያስጠላም።

ይሄ ነገር ለእኔ ቀላል አይደለም፤ እኔም ግራኝ ነኝ። የእኔ ቤዝ የተሠራችው ለቀኝ እጅ ነው። ገልብጬ ስይዛት ከታች መሆን የነበረባቸው ማዞሪያዎች ወደ ላይ ይመጣሉ። ረዥም ሰርግ ላይ ክንዴ ሲነካቸው ድምፁ ይወርዳል። ድሬ ውስጥ ሰርግ ማለት ደግሞ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛ፣ ሐረሪ በአንድ ሌሊት ነው። ዓሊ ቢራ ሳይነካ የሚያልቅ ሰርግ ተጫውቼ አላውቅም። ክንድ የሚያርፍበት ቦታ የለም።

ወደ ፎቶዎቹ ልመለስ። የ1961ዷን ለመለየት ሁለቱን ፒክአፖች፣ የክሮቹን ድምፅ የሚቀበሉትን፣ ማየት ይበቃል። ተቀራርበው ወደ አንገቱ ተጠግተዋል። በ1963 ያገኛት ሁለተኛዋ ግን አንዱ ፒክአፕ ከአንገቱ አጠገብ፣ ሌላው ወደ ታች ክሮቹ ወደሚታሰሩበት ወርዷል። በየካቲት 1964 አሜሪካ ሲሄዱ በቴሌቪዥን የታየችው ይህቺ ሁለተኛዋ ናት። ይህን ካወቅኩ በኋላ አንድም ፎቶ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ፊቶቹን ትቼ መጀመሪያ ፒክአፑን ነው የማየው።

የመጀመሪያዋ በ1964 ጥገና ገባች። ስትወጣ ሌላ ሆናለች። መሃሏ ወርቃማ ሆኖ ወደ ዳር እየጠቆረ የሚሄድ አዲስ ቀለም ተቀብታለች። ሁለቱ ፒክአፖች በአንድ የእንጨት ፍሬም ውስጥ ገብተዋል። የድሮውንና የአዲሱን ፎቶ ጎን ለጎን ሳስቀምጥ ባለሙያ ካልሆነ ማን አንድ ናት ይላል? በ1968 ለ«ሪቮሉሽን» ዘፈን በተቀረጸው ፊልም ላይ የያዛት ይህቺን፣ እንደገና የተቀባችውን ነው።

ሁለተኛዋን ማንም እንደገና አልቀባትም። ኑሮዋ እላይዋ ላይ ተጽፏል። በነሐሴ 1966 ሳን ፍራንሲስኮ የመጨረሻውን የጉብኝት ኮንሰርት ሲያቀርቡ የዘፈኖቹ ዝርዝር በወረቀት ጎኗ ላይ ተለጥፎ ነበር። ወረቀቱን አላነሳውም፤ ለብዙ ዓመታት እዚያው ቆየ። በጥር 1969 ለንደን ጣሪያ ላይ ሲጫወቱ ደግሞ «ባስማን» የሚል ጽሑፍ ደረቷ ላይ ይታያል፤ የፌንደር አምፕሊፋየር ስም ነው። ጣት እንዳይቧጭራት የሚከላከለው ፕላስቲክም ያኔ የለም። ከሁሉም የምወደው ያንን ወረቀት ነው። ዘፈኑን እንዳይረሳ የለጠፈው ነው። እኔም ለሰርግ እንደዚያው አደርጋለሁ፤ ግን ሌሊቱ ሲያልቅ ልጬ እጥለዋለሁ።

የፖልን ሌላ ቤዝ፣ ሪከንባከሩን፣ ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። በ1965 ሎስ አንጀለስ ውስጥ ሲሰጠው ቀይ ነበር። በ1967 ቀለም አፈሰሰበት፤ በዚያ ዓመት የሳተላይት ስርጭት ላይ ዓለም በሙሉ አየው። ከዚያ ደግሞ ቀለሙን በሙሉ ፍቆ እንጨቱን አወጣው። ይህም አልበቃው፤ በኋላ ቀንዶቹ ሳይቀሩ ቅርጻቸው ተስተካከለ። አራት ፎቶ ብታዩ አራት ቤዝ ትላላችሁ። አንድ ነው።

አሁን ዋናው ነገር። የመጀመሪያዋ ሆፍነር በጥቅምት 1972 ለንደን፣ ኖቲንግ ሂል ከቆመ መኪና ውስጥ ተሰረቀች። ከ50 ዓመት በላይ ጠፋች። በ2023 የሚፈልጓት ሰዎች ጥሪያቸውን ለሕዝብ ሲያሰሙ ጥቆማ መምጣት ጀመረ። ቤዟ እንግሊዝ ደቡብ ጠረፍ ላይ ሄስቲንግስ በምትባል ከተማ ቆጥ ላይ ተቀምጣ ነበር። ተጎድታለች፣ ጥገና ያስፈልጋታል፣ ግን ራሷ ናት። በየካቲት 2024 መገኘቷ ይፋ ሆነ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ወር ፖል ለንደን መድረክ ላይ ይዟት ወጣ። ቪዲዮውን ሳይ እንባዬ መጣ፤ አላፍርበትም።

ቁምነገሩ ግን ከእንባው በኋላ ነው የገባኝ። በ1961 የተሠራ ሆፍነር ብዙ ነው። ሁለቱ ፒክአፖቿ በአንድ የእንጨት ፍሬም ውስጥ የገቡ፣ እንደዚያ የተቀባች ግን የእሱ ናት። ጥገናው መልኳን ቀየረ፤ ያው ጥገና ደግሞ መታወቂያዋ ሆነ። ፎቶዎቹ ደግሞ አሉ። ያልተነሳ ነገር በምን ይመሰከራል?

የእኛን ነገር ሳስብ የምቆጨው እዚህ ላይ ነው። የሮሃ ባንዱን ቤዝ ተጫዋች ጆቫኒ ሪኮን ውሰዱ። ጣቶቹ በስንት ካሴት ውስጥ አሉ! ሽፋኑ ላይ የምናየው ግን ዘፋኙን ነው። ቤዙ ምን ዓይነት ነበር? ምን ቀለም? ማንሳት የሚያስፈልገው ለማንም አልመሰለውም። ታላላቆቹ እንዲህ ከሆኑ የከዚራና የመጋላ የሰርግ ባንዶች፣ የየቀበሌው ኪነት፣ ማን ሊያነሳቸው?

ስለዚህ ጋሼ ጋ ሄድኩ። ቤዟንም ይዣት ሄድኩ። ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ዳሰሷት፤ ሳያዩ ጭረቱን በጣታቸው አገኙት። «ይቺ ባቡር ላይ ናት» አሉ። ለኪነት ወደ አይሻ ሲሄዱ ከላይ ከዕቃ ማስቀመጫው ወድቃ ነው ጠርዟ የተጎረደው።

«የሬዲዮ ማዞሪያውስ ጋሼ?»

«እሱማ ከባቡሩ በኋላ ነው። ዋናው ጠፋ፤ ከየት ይምጣ? የእናቴን ሬዲዮ ፈታሁት። ስትሰማ ቤት አስወጥታኛለች ልጄ።»

ከዚያ አንድ ጥቁርና ነጭ ፎቶ አመጡ። ስድስት ወጣቶች፣ ሰፋፊ ሱሪ፣ ከኋላ የለገሃሩ ሕንፃ። ጀርባው ላይ ቀን የለም። ጋሼም መቼ እንደተነሱት ጠፍቷቸዋል። በስልኬ ካሜራ አጉልቼ አየሁት። ጠርዙ ሙሉ ነው። ማዞሪያዎቹ ሁለቱም አንድ ዓይነት ናቸው። ማለት ከአይሻው ጉዞ በፊት ነው። ይህን ስነግራቸው ፎቶውን ነጠቁኝና ጣታቸውን አንዱ ልጅ ላይ አሳረፉ። «እንግዲያው እሱ ያኔ አብሮን ነበር ማለት ነው» አሉ። በኋላ ከተማውን ለቆ የሄደ ከበሮ መቺያቸው ነው። መጀመሪያ አብሯቸው ይኑር አይኑር ከጓደኞቻቸው ጋር ሲከራከሩበት ኖረዋል።

ቀለም አላስቀባትም። ለጎረቤቴ ነግሬዋለሁ፤ ትንሽ ቅር አለው። አንድ ነገር ግን ይሠራልኛል። የድሬ ሙቀት ላብ ያበዛል፣ ክንዴ የሚያርፍበት ቦታ ደግሞ እንጨቱ ራቁቱን ቀርቷል። እዚያ ላይ ብቻ ቀለም የሌለው ቫርኒሽ ስስ አድርጎ ያስነካልኛል። ከዚያ በፊት ፊቷን፣ ጀርባዋን፣ ጎኗን፣ አንገቷን አነሳለሁ፤ ቀኑንም እጽፍበታለሁ።

አሁን የምለምነው የድሬን ሰው ነው። ወላጆቻችሁ በደርግ ጊዜ እዚህ ከተጋቡ አልበማችሁን ክፈቱ። ሙሽሮቹን እለፏቸውና ከኋላ ባንዱን ፈልጉ። ቤዝ የያዘ ሰው ካለ ታችኛውን ጠርዝና ማዞሪያዎቹን እዩ። አንዱ ማዞሪያ ከሌላው ከተለየ፣ ወይም ጠርዙ ተጎርዶ ከሆነ፣ እባካችሁ ፎቶውን አንስታችሁ ላኩልኝ። ለጋሼ ወስጄ አሳያቸዋለሁ።