እህቴና ነፃው ትምህርት

ዛሬ ታናሽ እህቴ ከተሁለደሬ ደሴ መጥታ ዋለች። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት። አቦሉ ሳይቀዳ "ወንድም ጋሼ፣ ዋይፋዩን ክፈትልኝ" አለችኝ።

የምታወርደው ትምህርት ነው። የእንግሊዙ ኦፕን ዩኒቨርሲቲ በነፃ ከሚሰጠው። ኦፕንለርን ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ2006 የተጀመረ ነው። ቋንቋ፣ ተፈጥሮ፣ ማኅበረሰብ፣ የፈለጋችሁት አለ። እኔን ደስ ያሰኘኝ ግን የጤናው ነው። 13 ሞጁሎች፣ ከእኛው ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ጋር፣ ለእኛው አገር የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ተብለው የተዘጋጁ! ቀበሌዋ ኔትወርክ ስለሌለ እዚህ አውርዳ እዚያ ታነባለች።

ከወሊድ በኋላ ስለሚፈስ ደም አብረን አነበብን። 500 ሚሊ ሊትር ከደረሰ አደጋ ነው፤ የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ማለት ነው። የተጻፈው በእንግሊዝኛ ስለሆነ ለእማዬ እየተረጎምን ነገርናት። (በአማርኛ ቢሆን ስንት ሰው በተጠቀመ!)

እማዬ አምስታችንንም ቤት ነው የወለደችን። ስኒውን እንደያዘች ዝም ብላ ቆየች። ከዚያ "ይቺን ለጎረቤትሽም ንገሪያት፣ ወሯ ገብቷል" አለቻት።

እህቴ ቶናውን ሳትጠጣ ተነስታ ሄደች።