አንድ መጥፎ ፍሬ ስንት ጥሩ ፍሬ ይዞ ይወጣል?

አዳማ ውስጥ ጥራጥሬ አበጥሮ ወደ ውጭ የሚልክ ነጋዴ ከለር ሶርተር (ፍሬን በቀለሙ የሚለይ ማሽን) ሊገዛ ሲነሣ አስቀድሞ የሚጠይቀው «በሰዓት ስንት ኩንታል ያወጣል?» ብሎ ነው። ሻጩም ይህን ስለሚያውቅ ቁጥሩን በካታሎጉ ላይ በትልቁ ያሳትመዋል። እኔ የእነዚህን ማሽኖች የኤሌክትሪክና የአየር መስመር በመጠገን የምተዳደር ሰው ነኝ፤ በእኔ አስተያየት ግን ከኩንታሉ ቁጥር በፊት መጠየቅ ያለበት «አንዱን መጥፎ ፍሬ ለማስወጣት ስንት ጥሩ ፍሬ አብሮ ይጥላል?» የሚለው ነው። የሁለቱ ጥያቄዎች መልስ ደግሞ የተሳሰረ ነው፤ ፍጥነቱን ከፍ ባደረግን ቁጥር የሚጣለው ጥሩ ፍሬም አብሮ ይበዛል።

ነገሩን በነጭ ቦሎቄ ላስረዳ። ከስምጥ ሸለቆው ወረዳዎች የሚሰበሰበው ቦሎቄ ብዙው አዳማ ላይ ተራግፎ፣ ተበጥሮና ተለቅሞ ነው ወደ ጅቡቲ የሚጫነው። ከከተማዋ ብዙም የማይርቀው የመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል ያወጣቸው እንደ አዋሽ 1 ያሉ ዝርያዎች ፍሬያቸው ትንሽና ነጭ ሲሆን፣ አውሮፓውያን በቲማቲም ስጎ አሽገው በቆርቆሮ ለሚሸጡት ምግብ የሚፈልጉትም ይህንኑ ዓይነት ነው። የእንዲህ ያለ ቦሎቄ መቶ ፍሬ አብዛኛውን ጊዜ 20 ግራም አይሞላም። ስለዚህ በአንድ ኪሎ ከ5,000 በላይ፣ በአንድ ኩንታል ደግሞ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ፍሬ አለ ማለት ነው። ይህን ሁሉ ሴቶች መጋዘን ውስጥ ተቀምጠው በእጃቸው ሲለቅሙት ኖረዋል፤ ዛሬም በብዙ ቦታ ይለቅማሉ። በሰዓት 30 ኩንታል የሚያሳልፍ ማሽን ግን በየሰከንዱ ከ4,000 በላይ ፍሬ አይቶ፣ በእያንዳንዱ ላይ «ይለፍ» ወይም «ይውጣ» ብሎ መወሰን አለበት።

የዚህ ማሽን ታሪክ ከጅምሩ ከቦሎቄ ጋር የተያያዘ ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ፣ ነጭ ቦሎቄ በብዛት በሚመረትባት በአሜሪካዋ ሚሺጋን ግዛት፣ በፎቶሴል (ብርሃን በሚለካ መሣሪያ) የሚሠሩ መለያዎች ፍሬውን እየለዩ ማውጣት ጀምረው ነበር። ፎቶሴል ከፍሬው ላይ የሚመለሰው ብርሃን በዛ ወይስ አነሰ ከማለት ያለፈ ዕውቀት የለውም፤ ስለዚህ ነጩን ከጥቁሩ ቢለይም በነጭ ፍሬ ላይ ያለች ትንሽ ነጥብ ታመልጠው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1969 በቤል ላብራቶሪ ዊላርድ ቦይልና ጆርጅ ስሚዝ ሲሲዲ የተባለውን የብርሃን መቀበያ ከፈለሰፉ በኋላ ነው ማሽኑ የፍሬውን ገጽ እየከፋፈለ ማየት የቻለው። ሁለቱ ሰዎች በዚህ ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ2009 የኖቤል ሽልማት ተጋርተዋል።

የማሽኑ አሠራር ሲያዩት ቀላል ይመስላል። በባልዲ ኤሌቬተር ወደ ላይ የወጣው ቦሎቄ ቫይብሬተር በሚያንቀጠቅጠው ሰሌዳ ላይ ይዘረጋል፤ ከዚያም ዘንበል ባለ መውረጃ ላይ እርስ በርሱ ሳይደራረብ ይንሸራተታል። ከመውረጃው ጫፍ ለቆ በአየር ላይ ሲሆን ከፊትና ከኋላ የተተከሉ ካሜራዎች ያዩታል። ካሜራው በሁለት ወገን መሆኑ ለጌጥ አይደለም፤ ነቀዝ የበሳው ፍሬ ሲወርድ ቀዳዳው ወደየት እንደሚዞር ማንም ሊያውቅ ስለማይችል ነው። ፍሬው መጥፎ ሆኖ ከተገኘ ከካሜራው በታች በመስመር ከተደረደሩት የአየር ቀዳዳዎች መካከል ከፊቱ ያለው ለጥቂት ሚሊሰከንድ ይከፈትና በተጨመቀ አየር መትቶ ወደ ሪጀክቱ (ተለይቶ ወደሚጣለው ፍሬ) መውረጃ ይጥለዋል። ፍሬው በሰከንድ 3 ሜትር የሚወርድ ከሆነና ከካሜራው እስከ አየሩ ቀዳዳ ያለው ርቀት 15 ሴንቲሜትር ቢሆን፣ ለማየትም ለመወሰንም ለመምታትም ያለው ጊዜ ከሰከንድ አንድ ሃያኛ አይበልጥም።

ጥሩ ፍሬ የሚጠፋው እዚህ ላይ ነው። በዚያው ፍጥነት የሚወርድ ፍሬ በ3 ሚሊሰከንድ ውስጥ 9 ሚሊሜትር ይሄዳል፤ ይህም ወደ አንድ ቦሎቄ ርዝመት ይጠጋል። አየሩ ተከፍቶ እስኪዘጋ ድረስ ከመጥፎው ፍሬ ጀርባ ተጠግቶ የሚወርድ ወይም በጎኑ ያለ ጥሩ ፍሬ ቢኖር እሱም ይመታል። አመጋገቡ፣ ማለትም ወደ ማሽኑ የሚገባው ፍሬ፣ ሳሳ ያለ ከሆነ በአካባቢው ሌላ ፍሬ ላይኖር ይችላል፤ አመጋገቡ ሲጨምር ግን ጎረቤት የሌለው ፍሬ አይገኝም። እንበልና 100 ኩንታል ቦሎቄ ገብቶ ከውስጡ 4 ኩንታሉ መጥፎ ነው። እያንዳንዱ መጥፎ ፍሬ አንድ ጥሩ ፍሬ ይዞ ቢወጣ ሪጀክቱ 8 ኩንታል ይሆናል፤ ሁለት ሁለት ይዞ ቢወጣ 12 ኩንታል ይሆናል፤ ከዚህ ውስጥ 8ቱ ኩንታል ነጋዴው ገንዘብ ከፍሎ የገዛው ጤነኛ ቦሎቄ ነው። ስለዚህ ሪጀክቱ ተመልሶ በሌላ መውረጃ ለሁለተኛ ዙር ይለያል፤ በዚያ ጊዜ ከጥሩው አብዛኛው ይመለሳል። ነገር ግን ለሁለተኛው ዙር የተመደበው መውረጃ ከመጀመሪያው ዙር የተወሰደ ስለሆነ ማሽኑ በሰዓት የሚያወጣው ኩንታል ይቀንሳል። ካታሎጉ ላይ ያለው ቁጥር ሁሉም መውረጃዎች ለመጀመሪያው ዙር ሲሠሩ የተሰላ መሆን አለመሆኑን ሻጩን ሳይጠይቁ ውል መፈረም አይገባም።

ሌላው ጥሩ ፍሬ የሚያልቅበት መንገድ ማሽኑ ምን ያህል ትንሽ ጉድለት ሲያይ ፍሬውን እንደሚጥል የሚወስነው ልክ፣ ኦፕሬተሮቹ «ሴንሲቲቪቲ» የሚሉት ነው። አንድ ጭነት ላይ ገዢ ቅሬታ ካቀረበ ባለቤቱ መጥቶ ልኩን ወደ ላይ እንዲያደርጉት ያዝዛል፤ ቅሬታው ይቆማል፤ ልኩን ወደ ቦታው የሚመልሰው ግን የለም። ከዚያ በኋላ ፍሬው ላይ ትንሽ ክሬም መሰል ቀለም ያለበት ጤነኛ ቦሎቄ ሁሉ ከሪጀክቱ ጋር እየወጣ በአገር ውስጥ ገበያ በርካሽ ይሸጣል። ይህ ኪሳራ በየትኛውም ደብተር ላይ በስሙ አይጻፍም፤ «ዘንድሮ ምርቱ ቆሻሻ ነው» ተብሎ ይታለፋል።

ካሜራው ያያል፣ ሥራውን የሚጨርሰው ግን አየሩ ነው፤ አዳማ ላይ ደግሞ አየሩ የራሱ ችግር አለው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,700 ሜትር ከፍታ ላይ ስለምትገኝ አየሩን የሚጨምቀው ኮምፕሬሰር የሚስበው አየር ሳሳ ያለ ነው፤ በባሕር ወለል ላይ ካለው ከአምስት አንድ እጅ ያህል ያንሳል። ለባሕር ወለል የተሰላውን ኮምፕሬሰር እንዳለ አምጥተው ሲተክሉት ንጹሕ ምርት ሲገባ ምንም ችግር አይታይም። ቆሻሻ የበዛበት ጭነት ሲመጣ ግን የአየር ቀዳዳዎቹ ደጋግመው ስለሚከፈቱ ግፊቱ ይወርዳል፤ መጥፎው ፍሬ በደካማ አየር ተገፍቶ ሪጀክቱ ጋ ሳይደርስ በጥሩው በኩል ይወድቃል። በዚህ ጊዜ የሚደወለው «ካሜራው አላይ አለ» ተብሎ ነው። እኔ መጀመሪያ የማየው የግፊት መለኪያውን ነው፤ መርፌው የአየር ቀዳዳዎቹ በተከፈቱ ቁጥር ወደ ታች የሚዘል ከሆነ ካሜራውን መንካት አያስፈልግም።

አቧራውም ቀላል አይደለም። የአዳማ ነፋስ ከመጋዘኑ ውጭ ያለውን አቧራ ያመጣል፤ ከውስጥ ደግሞ የቦሎቄው ገለባና አፈር ይነሣል። በካሜራው ፊት ያለው መስታወት ላይ የተቀመጠ ብናኝ ለማሽኑ በፍሬው ላይ እንዳለ ጥላ ሆኖ ይታየዋል፤ መጥረጊያው በሰዓቱ ካልሠራ አንድ መስመር ላይ ብቻ ያለማቋረጥ አየር ሲተኮስ ይሰማል። መብራቱም ሌላ ጉዳይ ነው። በከተማዋ ዙሪያ ባሉት ኮረብቶች ላይ የአዳማ 1 (51 ሜጋ ዋት) እና የአዳማ 2 (153 ሜጋ ዋት) የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች ማማዎች ተተክለዋል፤ እኛ ደግሞ እነሱን በመስኮት እያየን የሚዋዥቀውን የመብራት ኃይል የሚያረጋጋ ስታቢላይዘር እንሸጣለን። ያለ ስታቢላይዘር የተተከለ ማሽን ቦርዱ ሲቃጠል ለመለዋወጫው የውጭ ምንዛሪ መጠበቅ ስላለ ይህ ወጪ ሊቆጠብበት የሚገባ አይደለም።

የቀለም መለያው ሁሉንም ነገር እንዲያደርግ መጠበቅም ሌላው ችግር ነው። ነጭ ጠጠርና ነጭ ቦሎቄ በተራ ካሜራ ፊት ሊመሳሰሉ ይችላሉ። ዓይን የማያየውን ከቀይ በታች ያለ ብርሃን የሚያዩ ካሜራዎች ይህን ይለያሉ፤ ዋጋቸው ግን ውድ ነው። በእኔ ፍርድ አስቀድሞ ድንጋይ መለያው በደንብ ከተስተካከለ ሥራው አብዛኛው እዚያ ያልቃል፤ እሱ ከሥር በሚነፋ አየርና በሚንቀጠቀጥ ዘንበል ባለ ወንፊት ከባዱን ከቀላሉ የሚለይ ስለሆነ ቀለም አያስፈልገውም። በዚሁ መንገድ ውስጡን ነቀዝ የበላው ፍሬ ክብደቱ ስለሚቀንስ ግራቪቲ የሚባለው በክብደት የሚለይ ማሽን ያወጣዋል። ማጓጓዣውም ይታሰብበት፤ በጣም የደረቀ ቦሎቄ በጠመዝማዛ አውገር ሲገፋ ወይም ከከፍታ ሲወድቅ ይሰነጠቃል። ከለር ሶርተሩ ስር የሚታየው ክክ ከማሳ የመጣ ሳይሆን ከራሱ ፋብሪካ ኤሌቬተር የመጣበት ድርጅት አጋጥሞኛል፤ ባለቤቱ ግን ክኩን የሚያወጣ ሌላ ማሽን ሊገዛ ነበር።

ማሽኑ ያልያዘውን ዕውቀት ማን እንደያዘ ያየሁት እዚህ ከተማ ባለ አንድ መጋዘን ነው። ሪጀክቱ በድንገት በዝቶ ተጠራሁ፤ ግፊቱም መስታወቱም ደህና ነበር። ከመጨረሻው የልቀማ ቀበቶ አጠገብ የቆሙ፣ ከማሽኑ በፊት ጀምሮ ለቃሚዎቹን ሲመሩ የኖሩ እናት ከሪጀክቱ ጆንያ አንድ እፍኝ ዘግነው መዳፋቸው ላይ በአውራ ጣታቸው እየበተኑ አሳዩኝ። «ልጄ፣ ይኼ እኮ አልተበላሸም። ይኼኛው ዝናብ የመታው ነው፣ ይኼ ግን ያምናው ነው፤ ሁለት ምርት ቀላቅለው ነው የገዙት» አሉኝ። «እማማ፣ በምን ለዩት?» ብዬ ስጠይቃቸው ዝናብ የመታው ቀለሙ በአንድ ወገን ብቻ ቡራቡሬ መሆኑን፣ የቆየው ግን ዙሪያውን እኩል ወደ ቢጫ መሄዱን አመለከቱኝ። እውነት ነው፤ ነጭ ቦሎቄ ሲቆይ ነጭነቱን ያጣል፤ ለመብሰልም ያስቸግራል። አዳዲሶቹ ማሽኖች የምርቱን አማካይ ቀለም እየተከተሉ ራሳቸውን እንዲያስተካክሉ የሚያደርግ ዘዴ አላቸው፤ እሱ በርቶ ቢሆን ኖሮ ማሽኑ ቢጫውን እንደ ደንበኛ ነገር ይቆጥረውና ያምናው ቦሎቄ በሙሉ ያልፍ ነበር። ጠፍቶ ስለነበረ ደግሞ ሁሉንም ተኮሰው። የትኛው እንደሚሻል የሚወስነው የሚላክለት ገዢ ውል ነው። ኦፕሬተሩን ከእኚህ እናት ጋር አስቀምጬ የዝናቡንና ያምናውን ናሙና ለየብቻ ማሽኑ ውስጥ እንዲያስገቡ አደረግኩ። ኮምፒውተር የሚችል ወጣት ከመቅጠር በፊት ፍሬ የምታውቅ ለቃሚን ስክሪኑ ላይ ማስቀመጥ የሚያዋጣ ይመስለኛል፤ ስክሪኑ በጥቂት ቀን ይለመዳል።

ማሽን ሊገዛ ያሰበ ሰው እንግዲህ የሻጩን ናሙና ሳይሆን የራሱን ያልተበጠረ ምርት ይዞ ይሂድ። ከሪጀክቱ አንድ ኪሎ መዝኖ በእጅ ያስለቅም፤ ከዚያ ኪሎ ውስጥ ጥሩው ስንት ግራም እንደሆነ ይጻፍ፤ ከጥሩው በኩል እንዲሁ አንድ ኪሎ አውጥቶ የቀረውን መጥፎ ይመዝን። ሁለቱ ቁጥሮች ጎን ለጎን ካልቀረቡ «ንጽሕናው 99 በመቶ ነው» የሚለው ቃል ብቻውን ምንም አይነግርም፤ ግማሹን ምርት በመጣል ወደዚያ መድረስ ይቻላልና። ሙከራው ደግሞ ለአሥር ደቂቃ አይሁን። የኮምፕሬሰሩ ታንክ በተሞላበት በመጀመሪያው ላይ ማንኛውም ማሽን ጥሩ ይሠራል፤ ካታሎጉ በሚለው ፍጥነት ሳይቆም ይሂድና የሚመዘኑት ናሙናዎች ከመጨረሻዎቹ ጆንያዎች ይወሰዱ።