አበበ ቢቂላ እና የእኛ ሰፈር ሎተሪ አዟሪ

ሰሞኑን ማታ ማታ ስለ አበበ ቢቂላ እያነበብኩ ነው። ስለ ሮም አይደለም። ሮምንማ የማያውቅ ማን አለ? ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በባዶ እግር፣ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ። (ቀኑ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ እንደነበር ግን ልብ ብዬው አላውቅም።) ቶኪዮንም እናውቃለን። ትርፍ አንጀቱን ኦፕራሲዮን ከሆነ ሁለት ወር ሳይሞላው ሮጦ ደገመው።

እኔን የያዘኝ ከዚያ ወዲህ ያለው ነው። መጋቢት 1961 ዓ.ም. መኪና ሲነዳ ተገለበጠ። ዳግመኛ በእግሩ አልቆመም። ለሕክምና እንግሊዝ አገር፣ ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ተላከ። የፓራሊምፒክ ውድድር የተጠነሰሰበት ቦታ ነው። ወራት ታከመ። በ1962 ዓ.ም. እዚያው ዊልቸር ላይ ሆኖ በቀስት ውርወራ ተወዳደረ። በ1963 ዓ.ም. ደግሞ ኖርዌይ ሄዶ ተቀምጠው በሚነዱት የበረዶ ተንሸራታች (ስሌድ) የ25 ኪሎ ሜትር ውድድር አሸነፈ። በረዶ ላይ! የሸዋዋ ጃቶ መንደር ልጅ! በእግሩ ዓለምን ጉድ ያሰኘ ሰው እግሩ ሲከዳው አርፎ ቤቱ ቢቀመጥ ማን ይፈርድበት ነበር? ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ አረፈ።

እኛ "ጽኑ ሰው ነበር" ብለን እናልፋለን። እውነት ነው፣ ነበር። ግን ሐኪምም ነበረው። ዊልቸር ነበረው። የሚወዳደርበት ሜዳ ነበረው። ይህን ስንናገር ብዙም አልሰማሁም።

ከመሥሪያ ቤቴ ወጥቼ ከስታዲየም ወደ ለገሃር ስሄድ መንገድ ላይ አንድ ሎተሪ አዟሪ አሉ። ጋሼ እላቸዋለሁ። በእጅ የሚዘወር ባለ ሦስት ጎማ ሳይክል አላቸው። ዝናብ ሲመጣ ትኬቶቹን በፌስታል ይሸፍናሉ፣ እሳቸው ይበሰብሳሉ። ባለፈው አንዲት ሴትዮ 50 ብር አስቀምጣላቸው መንገዷን ቀጠለች።

"እመቤት! ትኬትሽን!"

"ይሁን፣ ለእርስዎ ነው።"

"እኔ ሎተሪ ነው የምሸጠው።"

ተመለሰች። ትንሽ ደንገጥ ብላ ትኬት መረጠች። "እንዴት ያሉ ብርቱ ሰው ነዎት!" ብላ መርቃቸው ሄደች። ጋሼ ወደ እኔ ዞሩና፣ "ብርቱስ ብርቱ ነኝ። ባንክ መግባት ነው ያቃተኝ" አሉኝ።

ከኋላቸው ያለው ባንክ ደረጃ እንጂ የዊልቸር መወጣጫ የለውም። ማታ ማታ ጥበቃውን ይጠሩታል። የባንክ ደብተራቸውን ከነብሩ ይሰጡታል። እሱ ገብቶ ገቢ ያደርግላቸዋል። ደግ ልጅ ነው፣ እግዜር ይስጠው። ግን እሱ ዕረፍት የወጣ ቀንስ? የሰው ላብ በአንድ ጥበቃ ደግነት ላይ መንጠልጠል አለበት? በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንፃ ለአካል ጉዳተኞች የሚመች መግቢያ እንዲኖረው አዝዞ ነበር። አዋጁ ከወጣ ስንት ጊዜው!

ላለመዋሸት፣ የእግረኛው መንገድ በኮሪደር ልማቱ ተስተካክሏል። "ሳይክሏ መንገጫገጭ ተወች" ይላሉ ጋሼ። መንገዱ እስከ ባንኩ ደጃፍ እንደ ልብ ያስኬዳል። ከዚያ በኋላ ያው ደረጃው ነው።

ጥንካሬያቸውን ማድነቅ ምንም አያስወጣንም። ሲሚንቶ ግን ያስወጣል። ለዚህ ይመስለኛል አድናቆቱን የምናስቀድመው።

ዛሬ ገባሁና ኃላፊውን ጠየቅኩት። ትሁት ሰው ነው። "ሕንፃው ኪራይ ነው" አለኝ። ቀጥሎ፣ "ቢሆንም አስተያየትዎን በጽሑፍ ሣጥኑ ውስጥ ያስገቡልን" አለ። ጻፍኩ። አስገባሁ። ወጥቼ ለጋሼ ነገርኳቸው።

"ሣጥኑ የት ነው ያለው?"

"ውስጥ፣ ገንዘብ ተቀባይዋ አጠገብ።"

ሳቃቸው መጣ። "በል እንግዲህ፣ ነገ የእኔንም ይዘህልኝ ትገባለህ።"