የዝናብ ቀን ከስንት ሰዓት ይጀምራል?

ሐዋሳ ሐይቅ ጥቁር ውሃ የሚባለው ወንዝ ይገባበታል እንጂ ከላዩ የሚወጣለት ወንዝ የለውም። ስለዚህ በዙሪያው የሚዘንበውን በትክክል ማወቅ ለእኛ ለሐይቁ ዳር ሰዎች ትልቅ ጉዳይ ነው። የኢራ5ን (የአውሮፓ የአየር ትንበያ ማዕከል ያለፈውን የአየር ሁኔታ በሞዴል አስልቶ ያዘጋጀው መረጃ ነው) የየሰዓቱ ዝናብ ከጣቢያ መዝገብ ጋር ለማመሳከር የተነሣሁትም ለዚሁ ነው።

ላፕቶፔ አቅሙ አነስተኛ ስለሆነ የዓለሙን ሁሉ አላወረድኩም፤ ከ6.5 እስከ 7.5 ዲግሪ ሰሜን፣ ከ38 እስከ 39 ዲግሪ ምሥራቅ በቃኝ። የቀረውን ሁሉ ተርሚናል ላይ በሲዲኦ ሠራሁት። ሲዲኦ ሃምቡርግ ያለው የማክስ ፕላንክ የሜትሮሎጂ ተቋም ያዘጋጀው፣ የአየር ንብረት መረጃ ማስሊያ ነፃ ፕሮግራም ነው።

ከማንኛውም ስሌት በፊት የፋይሉን መግለጫ የፋይሉን ይዘት በሚያሳየው ትእዛዝ፣ በኤንሲደምፕ አነበብኩ። ዝናቡ የተጻፈው በሜትር ነው፤ 0.012 ማለት 12 ሚሊ ሜትር ነው። ይህ በ1000 በማባዛት ያልቃል። ከባዱ ሰዓቱ ነው።

ፋይሉ የሚቆጥረው በግሪንዊች ሰዓት ነው፤ የእሱ 00:00 ለእኛ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። በዚያ ላይ 01:00 ተብሎ የተጻፈው ቁጥር ከዚያ በፊት በነበረው አንድ ሰዓት የዘነበው ነው። የጣቢያው ሰው ግን መለኪያውን የሚያነበው ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ነው፤ በግሪንዊች 06:00 መሆኑ ነው። ለማክሰኞ አጥቢያ 11 ሰዓት ላይ የወረደ ዝናብ በፋይሉ የማክሰኞ ነው፤ በጣቢያው ግን ሰኞ ቀን ከዘነበው ጋር አብሮ ይለካል።

የጣቢያው ቀን የመጀመሪያዋ ሰዓት ዝናብ በፋይሉ 07:00 ተብሎ ስለሚጻፍ፣ መፍትሔው በሦስት የሲዲኦ ትእዛዞች ቀላል ነው፦ በሺፍትታይም ሰዓቱን 7 ሰዓት ወደ ኋላ መመለስ፣ ከዚያ በዴይሰም የቀኑን መደመር፣ በመጨረሻ በመልሲ በ1000 ማባዛት። ሲዲኦ የተደረደሩ ትእዛዞችን ከቀኝ ወደ ግራ ስለሚፈጽም ሺፍትታይም ከመልሲና ከዴይሰም በስተቀኝ፣ ከፋይሉ ስም አጠገብ ይገባል። መዝገቡ ዝናቡን በተለካበት ቀን ይጻፈው ወይስ በዋዜማው፣ ያዘጋጀውን ሰው መጠየቅ ግድ ነው።

ለወር ድምር ይህ ሁሉ ብዙም ለውጥ አያመጣም። በበልግ ስንት ቀን በተከታታይ ሳይዘንብ እንደቀረ ለሚቆጥር፣ በቆሎ መቼ ይዘራ ለሚል ግን መሠረቱ እሱ ነው።

እንዲያም ሆኖ ቁጥሮቹ ፍጹም አንድ እንዲሆኑ አልጠብቅም። የኢራ5 አንድ ካሬ በየጎኑ ወደ 28 ኪሎ ሜትር ነው፤ ጣቢያው የሚለካው አንዲት ግቢ ላይ የወረደውን ነው። እኔ የማየው በሁለቱም ዝናባማ ቀኖቹ አንድ ላይ መዋላቸውን ነው።