የብስክሌተኛ ጉልበት ሕመም፦ አሮጌውን ክሊት ሳትፈቱ ምልክት አድርጉበት

ክሊት (ጫማን ከፔዳል ጋር የሚያያይዘውን፣ ከሶል ስር የሚታሰረውን ቁራጭ) ከመቀየሬ በፊት አንድ ሰው ይህን ቢነግረኝ ኖሮ ብዙ ወራት ባልባከኑብኝ።

የመቀመጫው ነገር ቀላል ነው። ሕመሙ ከጉልበት ሎሚ ፊት ከሆነ መቀመጫው ዝቅ ብሏል ወይም ወደ ፊት ቀርቧል ብላችሁ ጀምሩ፤ ከጉልበት ጀርባ ከሆነ ከፍ ብሏል። ፔዳሉ ታች ሲደርስ ጉልበቱ ከ25 እስከ 35 ዲግሪ ታጥፎ መቅረት አለበት። የመቀመጫውን ከፍታ ለማግኘት የእግርን የውስጥ ርዝመት በ0.883 የሚያባዛውን ቀመር አላምነውም፤ የክራንኩን (ፔዳሉን የሚይዘውን ክንድ) ርዝመትም የሶሉን ውፍረትም አይቆጥርም። ስትቀይሩ በ2 ወይም በ3 ሚሊሜትር ብቻ፣ ከዚያ ሦስት አራት ጊዜ ነድታችሁ እዩት።

እኔ ያበላሸሁት ክሊቱን ነው፤ ዛሬም ሳስበው እናደዳለሁ። አሮጌው ሲያልቅ፣ አዲሱ በዚያው ቦታ እንዲገባ ዙሪያውን በእስክሪብቶ ሳልከብብ ፈታሁት። አዲሱን፣ ያውም ምንም መላወሻ (እግር ፔዳሉ ላይ ወደ ጎን ትንሽ እንዲዞር የሚፈቅድ ልቅነት) የሌለውን፣ አፍንጫው ቀጥ ብሎ ወደ ፊት እንዲያይ አድርጌ አሰርኩት። በዚያው ቀን መቀመጫውንም ከፍ አደረግሁ። ከጉልበቴ ውጭኛ ጎን ሲያመኝ ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ለይቶ ማወቅ አልተቻለም።

የእኔ እግር በተፈጥሮው ጣቱ ወደ ውጭ ይከፈታል። ጠረጴዛ ጫፍ ላይ ተቀምጣችሁ እግራችሁን ዝም ብላችሁ ስታንጠለጥሉት የእናንተም ወዴት እንደሚያይ ታያላችሁ። ክሊቱ ያንን አቅጣጫ ሲከለክል ጥምዘዛው ጉልበት ላይ ያርፋል፤ ከላይ ዳሌ፣ ከታች ፔዳል ይዘውታልና። በደቂቃ 90 ዙር ማለት በሰዓት 5,400 ዙር ነው። ትንሽዬ ማዕዘን ይህን ያህል ጊዜ ስትደጋገም ትጎዳለች።

ያየኝ ባለሙያ 6 ሳምንት ከብስክሌት ራቅ አለኝ። ጫማዬን ግን ገልብጦ አላየም። አረፍኩ፣ ሕመሙ ጠፋ፣ በተመለስኩ በመጀመሪያው ቀን ደግሞ እዚያው ቦታ ያዘኝ። ምክንያቱ ሶሉ ላይ እንደታሰረ ነበራ!

ማስተካከያው ለዓይን ግራ ያጋባል። ጣታችሁ ወደ ውጭ እንዲከፈት የክሊቱን አፍንጫ የምታዞሩት ወደ ውስጥ፣ ወደ ብስክሌቱ በኩል ነው። በአንድ ጊዜ ከ1 እስከ 2 ዲግሪ፣ ከዚያ በላይ አትንኩ። መላወሻ ያለውን ምረጡ፤ ቀለም ግን እንዳያሳስታችሁ። የመላወሻው መጠን በሺማኖ የመንገድ ብስክሌት ክሊት ቀይ 0፣ ሰማያዊ 2፣ ቢጫ 6 ዲግሪ ነው፤ በሌላው አምራች፣ በሉክ ኬኦ ክሊት ደግሞ ጥቁር 0፣ ግራጫ 4.5፣ ቀይ 9 ዲግሪ። አንዱ ዘንድ የተቆለፈው ቀለም ሌላው ዘንድ በጣም ልቅ የሆነው ነው።

ሙሉ እረፍትን ለረጅም ጊዜ ሕመም አልመክርም። ከ0 እስከ 10 ስትለኩት ከ3 የማያልፍና በማግስቱ ጠዋት የሚጠፋ ሕመም ከሆነ እየቀነሳችሁ ንዱ፤ ከባድ ማርሽ ትታችሁ በደቂቃ ከ85 እስከ 90 ዙር ያዙ። ከሎሚው በታች ያለው ጅማት ለሚያመው፣ ጀርባን ግድግዳ አስደግፎ ጉልበትን አጥፎ 45 ሰከንድ መቆየት፣ አምስት ጊዜ፣ በመካከሉ 2 ደቂቃ እያረፉ። ጭን ሳይጠነክር መቀመጫ ብቻ ማስተካከል ብዙ አያራምድም።

ጉልበቱ ካበጠ፣ ከተቆለፈ፣ ከከዳችሁ ወይም ሌሊት ከቀሰቀሳችሁ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ጫማችሁንም ይዛችሁ ሂዱ።